የሳሎኑ ሬዲዮ፤ ታሪኩና ጥገናው

ሊባኖስ ውስጥ በሰው ቤት የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች። ሳሎን ውስጥ ከቡፌው አጠገብ የሚቀመጥ፣ ሣጥኑ የሚያብረቀርቅ እንጨት፣ ፊቱ ላይ ቢጫ ጨርቅ የተወጠረበት፣ ከታች እንደ ፒያኖ ነጫጭ ቁልፎች የተደረደሩለት ትልቅ ሬዲዮ። አይሠራም። ላዩ ላይ የሠርግ ፎቶና የክሪስታል ሳህን ተቀምጦበታል። ማዳም «አቧራውን ጥረጊ፣ እንዳትነኪው ግን» ትላለች። ሳይነኩ እንዴት እንደሚጠረግ እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

እኔ ይሄን ዕቃ ለብዙ ዓመት ስጠርገው ኖሬያለሁ፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ እሑድ እሑድ እየፈታሁ እጠግነዋለሁ። ስለ እሱ የምጽፈው ታሪኩ ከምናስበው በላይ ከእኛ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ነው። ከመካከላችንም እጃቸው ሥራ የሚወድ አሉ፤ እነሱ ሲጀምሩ ምን መያዝ፣ ምን አለመንካት እንዳለባቸው አስቀድመው ቢያውቁ ይሻላል። ይሄ ዕቃ ይገድላል። ዓመቶቹን እዚህ እንደለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

መስታወቱን አይታችሁታል? ጣቢያ የሚያሳየው መስታወት ላይ የከተማ ስም ተደርድሯል፦ ሒልቨርሰም፣ ቤሮሙንስተር፣ ሉክሰምቡርግ፣ ሮማ፣ አቴና፣ አንካራ፣ ካይሮ፣ አንዳንዱ ላይ ቤይሩት። ሒልቨርሰም የሆላንድ፣ ቤሮሙንስተር የስዊዘርላንድ ትንንሽ ቦታዎች ናቸው፤ ማሰራጫ ጣቢያ ስለነበራቸው ብቻ ስማቸው በዓለም ሁሉ ሳሎን ገባ። አዲስ አበባን እኔ በፈታኋቸው ላይ እስካሁን አላገኘኋትም።

ይህ አካባቢ ሬዲዮን የለመደው በ1930ዎቹ ነው። የግብፅ መንግሥት ሬዲዮ ካይሮ ላይ ሥራ የጀመረው ሜይ 31 ቀን 1934 ሲሆን ያካሂደው የነበረው የማርኮኒ ኩባንያ ነው። በዚያው ዓመት ጣልያን ከባሪ ከተማ በአረብኛ ማሰራጨት ጀመረች፤ በዓመቱ ኢትዮጵያን ወረረች። ከዚያ በኋላ ጣልያንና እንግሊዝ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ሲፋጠጡ፣ የባሪ ሬዲዮ እንግሊዝን በአረቦች ፊት ማብጠልጠልን ሥራዬ ብሎ ያዘው። እንግሊዞችም ዝም አላሉም። ጃንዋሪ 3 ቀን 1938 ቢቢሲ በአረብኛ ማሰራጨት ጀመረ፤ ቢቢሲ ከእንግሊዝኛ ውጭ የከፈተው የመጀመሪያው የቋንቋ ክፍል ይሄ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አያቶቻችን ማይጨው ላይ መርዝ ጋዝ ሲወርድባቸው፣ ያው ጦርነት የቀሰቀሰው ጠብ ደግሞ እዚህ በሬዲዮ ሞገድ ላይ ይካሄድ ነበር። የቤይሩት ሬዲዮም የተመሠረተው በዚያው በ1938፣ በፈረንሳይ አስተዳደር ዘመን ነው።

የእኛም አገር ሬዲዮ ዕድሜው ከዚህ አያንስም። በ1935 ወረራው ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ለውጭው ዓለም ንግግር አሰምተዋል። ሰሚ ብዙ ነበር፤ የረዳ ግን ጥቂት ነው።

ሳሎን ውስጥ የምናየው ሬዲዮ ግን አብዛኛው ከዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ፣ የ1950ዎቹ ልጅ ነው። ከእነዚህ ስሞች አንዱ ግሩንዲግ ነው፤ ይህ ጀርመናዊ እንዴት እንደጀመረ ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። ጦርነቱ እንዳለቀ ጀርመን ውስጥ ሬዲዮ ሠርቶ መሸጥ በአሸናፊዎቹ ጦር ፈቃድ ብቻ ነበር። ማክስ ግሩንዲግ በ1946 «ሃይንዘልማን» የሚባል ዕቃ አወጣ፦ ሣጥን፣ ሽቦና መለዋወጫ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው። ቫልቭ የለበትም። ቫልቭ ከሌለው ደግሞ ሬዲዮ አይደለማ! መጫወቻ ነው ተብሎ አለፈ። ሰዉ ቫልቩን ከሌላ ቦታ እየፈለገ እቤቱ ገጠመው። የዚያን ዘመን ጀማሪ ማንም ሳያስተምረው ከቻለ እኛስ ምን ያንሰናል?

በ1953 ካይሮ «ሰውት አል ዐረብ» የሚባለውን ጣቢያ ከፈተች፤ የናስር ድምፅ ከየመን እስከ ሞሮኮ ደረሰ። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ የኡም ኩልሱም ኮንሰርት በቀጥታ ይተላለፍ ነበርና ቡና ቤቱ ሁሉ በዚያ ምሽት ጢም ይላል። የምንጦራቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የዚያ ዘመን ወጣቶች ናቸው። «ባባ ዛሬ አኩርፈዋል» ስትሉ፣ ምናልባት ያኮረፉት ያንን ነው።

በእኛም አገር ሬዲዮ ያለበት ቤት የተከበረ ቤት ነበር፤ በዳንቴል ይሸፈናል፣ ቁልፉን የሚነካው አባት ብቻ ነው። በዲሴምበር 1960፣ የታኅሣሡ ግርግር በምንለው ጊዜ፣ አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን የመፈንቅለ መንግሥቱን መግለጫ ሲያነቡ አገሩ የሰማው በዚህ ሣጥን ነው። በ1963 የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ ከአገር ቤት አልፎ ለመካከለኛው ምሥራቅም ያሰራጭ ነበር። በ1977 ደርግ ወረሰው። የሰፈሩ ስም ግን እስካሁን ቀርቷል።

ትልቁን ሬዲዮ ከወንበሩ ያወረደው ትራንዚስተር ነው። በ1947 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ተፈጠረ፤ በ1954 ኪስ የሚገባ ሬዲዮ ሆኖ ገበያ ወጣ። በባትሪ ይሠራል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ተሸክመውት ይሄዳሉ። በ1990ዎቹ እዚህ የመጡት ታላላቅ እህቶቻችን ስለዚህ ትንሽ ሬዲዮ ብዙ ያወራሉ። ስልክ የላቸውም፣ ደብዳቤ በሰው እጅ በስንት ወሩ ነው የሚደርሰው። ማታ ኩሽና ገብተው በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው በ1965፣ ሁለተኛው በ1982 ነው በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው። አንዷ ሬዲዮዋን ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ትደብቅ እንደነበር ነግራኛለች። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ወንድሟ ግንባር ነበር፤ የቦታዎቹን ስም እየሰማች እጇ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፍ ነበር፣ ጠዋት ዕቃ ስታጥብ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጥገናው። እኔ የተማርኩት ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ካለ አንድ አርመናዊ ነው። ሰፈርተኛው «ባሮን» ይለዋል፤ በአርመንኛ አቶ ማለት ነው። የቤታችን ባባ ሬዲዮዋን ይዤለት እንድሄድ ላከኝ፣ ሄድኩ፣ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ባሮን ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲያውቅ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ «አርባ ልጆች» ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ውስጥ ካገኟቸው በኋላ አዲስ አበባ ያመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ የሙዚቃ ባንዱ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ይሄን አውቀው ነበርና ወንበር ተሰጠኝ። ለማለት የፈለግሁት፣ ታሪክ ማወቅ አንዳንዴ በር ይከፍታል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ጥሩ ካቻቢቴ ትልቅና ትንሽ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ፒንሳ፣ ሽቦ መቁረጫ፣ ቴስተር፣ መበየጃ። መበየጃውን እዚህ «ካዊ» ነው የሚሉት፤ ልብስ ከምንተኩስበት ካውያ ጋር አንድ ቃል ነው። 40 ዋት ይበቃል። የሚቀልጠው ሽቦ ውስጡ ሙጫ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ይሁን፤ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት አሲድ ያለው ነገር ሽቦውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሽቦው እርሳስ አለበትና መስኮት ክፈቱ፣ ሳትታጠቡ እንጀራ አትንኩ። በተጨማሪ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ፣ አልኮል፣ የኤሌክትሪክ መነካኪያ የሚያጸዳ ስፕሬይ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ። ቴስተሩ ላይ ብቻ ገንዘብ አትቆጥቡ። ርካሹ ቴስተር «ቮልት የለም» ብሎ ሊዋሽ ይችላል፤ እጃችሁን የምታስገቡት ደግሞ እሱን አምናችሁ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ አለመሰካት ነው። ሰው ሱቅ አል አሐድ ሄዶ፣ ሬዲዮ ገዝቶ፣ እቤቱ ሲደርስ «እስቲ ይሠራ እንደሁ» ብሎ ይሰካል። ሰላሳ ዓመት ያልተነካ ዕቃ ነው እኮ! ውስጡ ያለው ካፓሲተር ደርቋል፣ የገመዱ ጎማ ተሰነጣጥቋል፣ አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ በኋላ ጥገናው የጀማሪ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ጀርባውን ፈትታችሁ ተመልከቱ። አቧራውን በብሩሽ፣ ደረቁን። ፎቶ አንሱ፣ ከሁሉም አቅጣጫ። ቫልቮቹ መብራት አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ብልቃጦች ናቸው፤ አየር ወጥቶላቸዋል፣ ውስጣቸው ያለው ክር ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል። የመጀመሪያውን እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ በ1904 ሠራ፤ አሜሪካዊው ዲ ፎረስት በ1906 ሌላ ሽቦ ጨመረበትና ደካማ ድምፅ ማጉላት ተቻለ። መስታወቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ ግን አትፈትጉት፣ ጽሑፉ በጣት ይለቃል። ከለቀቀ ምን እንደሆነ ማወቂያ የለም።

ጽሑፉ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ይናገራል። አውሮፓ የተሠራ ከሆነና ቫልቮቹ በኢ ፊደል የሚጀምሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኢ ሲ ኤች 81፣ ኢ ኤል 84፣ ብዙ ጊዜ ሬዲዮው ከባድ የብረት ትራንስፎርመር አለው። በዩ የሚጀምሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዩ ሲ ኤች ወይም ዩ ኤል፣ ትራንስፎርመር የሌለው ሊሆን ይችላል፤ የብረት አካሉ በቀጥታ ከግድግዳው መብራት ጋር የተገናኘ ነው። እንደ ሶኬቱ አገባብ 220 ቮልት ብረቱ ላይ ይቆማል። ከእንዲህ ዓይነቱ አትጀምሩ። አለቀ። ባሮን እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ አላስነካኝም።

ቀጥሎ ከጀርባው ያለውን የቮልት መምረጫ እዩ። 110፣ 127፣ 220 የሚሉ ቁጥሮች አሉት። እዚህ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ 110 ይሠራ ስለነበር ብዙ ሬዲዮ እዚያው ላይ እንደቆመ ነው የሚገኘው። ሳዑዲ ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ሰው 110 የሚለው 127 ቮልት ከ220 ጋር አንድ ቤት ውስጥ ለብዙ ዘመን አብሮ ኖሯል። 110 ላይ ያለ ሬዲዮ 220 ላይ ከተሰካ ታሪኩ እዚያው ያበቃል።

አሁን ካፓሲተር። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የአሮጌ ሬዲዮ በሽታ አብዛኛው ይሄ ነውና። ካፓሲተር ኤሌክትሪክን ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ እንደ እንስራ ብትቆጥሩት አትሳሳቱም። ሁለት ዓይነት ያጋጥማችኋል። ትልቁ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ የሚመስለው ውስጡ ፈሳሽ የነከረው ነው፤ ሥራው ከመብራቱ የሚመጣውን ሞገድ ማለስለስ ነው። ሲደርቅ ሬዲዮው «ሁምምም» ይላል። ሁለተኛው ትንንሹ፣ በሰም የታሸገ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረው የወረቀት ካፓሲተር ነው። የ1950ዎቹ ፊሊፕስ ውስጥ ያሉት ጥቁሮቹ ተሰነጣጥቀው ነው የሚገኙት። ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ ይሄ የባሕር ዳር ከተማ ነው፣ እርጥበት እንደሆነ ሞልቷል። እርጥበት የሳበ ካፓሲተር ማሳለፍ የሌለበትን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ገዳይ ነው። ወደ መጨረሻው ቫልቭ፣ ድምፁን ወደ ስፒከር ወደሚገፋው፣ የሚገባው። ብዙ ጊዜ 0.01 ወይም 0.02 ማይክሮፋራድ አካባቢ ነው። ይህ ከተበላሸ ቫልቩ ከልክ በላይ ይሠራል፣ ይግላል፣ ቀስ ብሎ የስፒከሩን ትራንስፎርመር ይዞ ይሞታል። ሬዲዮው ግን በዚህ ጊዜ ሁሉ ይዘፍናል! ስለዚህ «ይሠራል» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም። እኔ ሌላውን ሁሉ ትቼ ይቺን አንዷን ሳልቀይር ሬዲዮ ሰክቼ አላውቅም። በአዲስ የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ተኩት፤ መጠኑ ያው፣ ቮልቱ 630 ይሁን። ትልቁን ስትቀይሩ ደግሞ ምልክቱን ጠብቁ፤ መደመርና መቀነሱ ከተገላበጠ እንደ ርችት ይፈነዳል። ከመብራት ገመዱ ጋር የተያያዘ ካፓሲተር ካለ ለዚያ ቦታ የተፈቀደውን ዓይነት ጠይቃችሁ ግዙ፤ ማንኛውም አይሆንም።

አንድ በአንድ ቀይሩ። አንዱን አውጥታችሁ አዲሱን በየዳችሁ ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ። እንዲህ ከሆነ ሬዲዮው የት እንደነበረ ሁልጊዜ ታውቃላችሁ።

ካፓሲተር ሬዲዮው ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። 250 ቮልት ውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ልብ ያቆማል። እጅ ከማስገባት በፊት ሬዲዮው ከሶኬት ይነቀል፤ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ከዚያ በ10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር፣ እጀታው በደንብ በተሸፈነ ሽቦ፣ ካፓሲተሩን ከብረት አካሉ ጋር አገናኙት፤ ቀስ ብላችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ከዚያም በቴስተር ለኩ። ዜሮ ካላያችሁ ድገሙት። ካቻቢቴ አስገብቶ ብልጭ የሚያደርግ ሰው ዩቲዩብ ላይ ታያላችሁ፤ አትከተሉት። የቀለበት፣ የእጅ አምባር፣ የአንገት ሐብል ነገር ይውለቅ። የበራ ሬዲዮ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ግራ እጅ ከጀርባ ይሁን። ብቻችሁን ቤት ስትሆኑ አትሥሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰካውም በቀጥታ አይደለም። ባሮን ዘንድ አንድ ሣንቃ ላይ የተሠራች የአምፖል መያዣ አለች፤ አምፖሉ ከሬዲዮው ጋር በተርታ ነው የሚገናኘው፣ ማለትም መብራቱ ሬዲዮው ጋ የሚደርሰው በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ነው። አሮጌው ክር ያለው 60 ወይም 100 ዋት አምፖል መሆን አለበት፤ የአሁኑ ኤል ኢ ዲ አይሠራም። ስትሰኩ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው። ቦግ ብሎ እንደበራ ከቀረ ውስጡ የተገናኘ ነገር አለ፤ ንቀሉት። ጉዳቱን አምፖሉ ተሸከመላችሁ፣ ትራንስፎርመሩ ተረፈ። ይሄ ግን ሬዲዮውን ነው የሚጠብቀው፣ እናንተን አይደለም፤ አምፖሉ ቢኖርም ኤሌክትሪኩ ይይዛችኋል። ቤይሩት ደግሞ መብራቱ ከመንግሥት ወደ ኢሽቲራክ ጄነሬተር ሲቀያየር ቮልቱ ይዘላል፤ ስለዚህ ፈተናውን መቀያየሪያው ሰዓት ላይ አታድርጉት።

ከዚያ ጠብቁ። ቫልቭ እንደ ስልክ ወዲያው አይነሳም፤ ሃያ ሰላሳ ሴኮንድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ክሮቹ ይቀላሉ፣ ቀጥሎ አረንጓዴዋ ዓይን ትበራለች፤ ይቺ ጣቢያው በትክክል መያዙን የምታሳይ ቫልቭ ናት፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የወጣች። መጨረሻ ላይ ስፒከሩ ይነቃል። የድምፅ ማዞሪያው «ክርርር» ካለ ስፕሬዩን ትንሽ ነፍታችሁበት ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዙሩት። ገዳዩን ካፓሲተር ቀይራችሁም ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ፣ ሬዲዮው ሳይሰካ የቴስተሩን ጫፍ በመቆንጠጫ ከኢ ኤል 84 ሁለተኛ እግር ጋር አያይዙት፣ ሌላውን ከብረት አካሉ ጋር፤ ከዚያ ሰክታችሁ ከሩቅ አንብቡ። ዜሮ ወይም ከዜሮ ትንሽ በታች መሆን አለበት። ወደ መደመር ከወጣ ሥራው አላለቀም።

የብረት ሣጥን ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች፣ እዚያ ሞገዱን የሚቃኙትን፣ አትንኩ። ጀማሪን ሁሉ የሚያማልሉ ናቸው፤ ሲያዩአቸው «ጥብቅ ላድርጋቸው» ያሰኛል። ፋብሪካ ውስጥ በመሣሪያ የተቃኙ ናቸው፣ በዓይን አይመለሱም።

የጣቢያው መርፌ የሚንቀሳቀሰው በክር ነው። ክሩ ከመበጠሱ በፊት እንዴት እንደተጠመጠመ ሥሉት፣ ፎቶም አንሱት፤ አንዴ ከወለቀ የሐበሻ ሹሩባ ከመሥራት ይከብዳል። በነገራችን ላይ ሹሩባ የሚሠሩ እጆች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። ባሮን ጣቱ ስለሚንቀጠቀጥ የክር ሥራ ሁሉ የእኔ ነበር።

መስታወቱን በውኃ አትጠቡ! የከተሞቹ ስም የተጻፈው ከኋላ በኩል በቀለም ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ካይሮ ከነአቴና በጨርቁ ይመጣል። ከፊት ብቻ ጥረጉ። በኦገስት 2020 ወደቡ ሲፈነዳ ሰፈሩ ውስጥ ብዙ መስታወት ረገፈ፤ ሰዎች ሬዲዮ ከፍርስራሽ እያወጡ ወደ ሱቁ አመጡ። ቫልቭ፣ ያ ቀጭን ብልቃጥ፣ አንዳንዱ ደህና ሆኖ መስታወቱ ግን ተሰባብሮ ነበር። ሌላው ዕቃ ሁሉ ይተካል፣ ያ መስታወት ግን አይተካም።

ሣጥኑን በተመለከተ ብዙ አልልም። ላዩ ላይ ያለው የሚያምር እንጨት እንደ ወረቀት የሳሳ ልባስ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት የፈተገው ሰው ወዲያው ከሥሩ ያለውን ተራ እንጨት ያገኛል። አንዳንድ አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ከሙቀት መከላከያ ተብሎ የተለጠፈ ግራጫ ወረቀት የመሰለ ነገር አለ፤ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላልና አትፋቁት።

ወረቀት ካነሳሁ፣ የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፦ ሠርቼ ስጨርስ ምን እንደቀየርኩ፣ መቼ እንደቀየርኩ በአማርኛና በአረብኛ ጽፌ ሣጥኑ ውስጥ እለጥፋለሁ። አንዳንዱ ባለሙያ አዲሱን ካፓሲተር በአሮጌው ቆርቆሮ ውስጥ ደብቆ ምንም ያልተነካ ያስመስለዋል። ዓይን ያስደስታል፤ ቀጥሎ የሚፈታው ሰው ግን ይሳሳታል።

ገንዘብ ያስገኛል ወይ ለምትሉኝ፣ በካፋላ ያለን ሰዎች ከስፖንሰራችን ውጭ ሠርተን ገንዘብ መቀበል ሕጉ አይፈቅድልንም፤ ይሄን እያወቃችሁ ግቡበት። እኔ ለጓደኞቼና ለራሴ ነው የምሠራው። አገር ቤት ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ስንት ቤት ውስጥ በዳንቴል ተሸፍኖ የተቀመጠ ፊሊፕስ አለ።

ባሮን ባለፈው ክረምት ሱቁን ዘጋ። ልጆቹ ካናዳ ናቸው፣ ወሰዱት። ዕቃውን ለቆሻሻ መኪና ሊሰጥ ሲል ቫልቮቹን ለእኔ ሰጠኝ፤ አራት ካርቶን፣ 312 ቫልቭ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከሦስት እህቶች ጋር በምጋራው ክፍል ውስጥ አልጋዬ ሥር ናቸው። እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልዬ በደብተር መዝግቤያለሁ። ከመዝገቡ ውስጥ የሌለው አረንጓዴዋ ዓይን፣ ኢ ኤም 80 የምትባለው ናት፤ በአገልግሎት ብዛት ትደበዝዛለች፣ ደህናዋ በቀላሉ አትገኝም። አሠሪዎቻችሁ አሮጌ ሬዲዮ ሊጥሉ ሲሉ ካያችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ከመጣሉ በፊት ከጀርባው ተመልከቱ። በመስታወቱ ላይ ኢ ኤም የሚል ጽሑፍ ካለ አትፈትጉት፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እሑድ ወደ ማኅበሩ ይዛችሁልኝ ኑ።